አረንጓዴው ሰደርያ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የሰማ ሁሉ ይስቅበታል። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

የደን ባለሙያ ነኝ። ትውልዴ አረካ ነው፤ የምኖረው ሶዶ፣ የምሠራው ወደ ሁምቦ በኩል ካሉት ተራሮች ላይ ነው። ተራራው ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ እንዲያገግም ከገበሬዎቹ ጋር ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ደመወዙን ግን አትጠይቁኝ። የመስክ አበል የሚሉትማ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ "በጀት ሲለቀቅ" እየተባልኩ ስንት ጫማ ጨረስኩ። የሚኒባሱንም ሒሳብ የምከፍለው ከራሴ ኪስ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ፕሮጀክት ስልጠና ሰጠንና ለሁላችንም አረንጓዴ ሰደርያ አደለን። ኪሱ ብዙ፣ ጀርባው ላይ የፕሮጀክቱ ስም በትልቁ የተጻፈበት። ሌላ ደህና ልብስ ስላልነበረኝ እዚያው ለበስኩት። ስንመለስም በፕሮጀክቱ መኪና እስከ ግቢያችን በር አደረሱኝ።

አከራያችን እትዬ አስናቀች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባለሱቅ ናቸው፤ ዓይናቸው ምንም አያመልጠውም። ሰደርያውን አዩ፣ መኪናውን አዩ። በማግስቱ ባለቤቴን አማረችን ጠርተው "ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሬያለሁ። ካልተስማማችሁ ቤቱን ልቀቁልኝ" አሏት።

ራሴ ሄጄ ለመንኳቸው። የልጃችን የናርዶስ ትምህርት ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ያን ቤት የያዝነውም ለእሷ ብለን ነው። ጭማሪው ቀርቶ የወሩ ደመወዝ እንኳ እንደዘገየብን ነገርኳቸው።

"ተው እንጂ ልጄ" አሉኝ እየሳቁ። "ፕሮጀክት ገብተህ ደመወዝ ዘገየ? ዶላርም ይዘገያል እንዴ?"

"እትዬ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሰደርያውን በነጻ ነው የሰጡኝ።"

"ለእኛም የሚሰጠን በተገኘ!" ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ባሳ ነበሩ፤ ተራራውን ከእኔ ጋር ከሚጠብቁት ገበሬዎች አንዱ። አንድ ጆንያ ስኳር ድንች ተሸክመዋል። ደመወዝ እንዳልገባ ተራራው ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ስናወራ ሰምተው ኖሯል። ያን ጆንያ ከቆላ ድረስ ይዘውልኝ ሲመጡ ሳይ እንባዬ መጣ።

እትዬ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። ምስክር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። "ጋሽ ባሳ፣ ለምን እንዳመጡት ለእትዬ ይንገሩልኝ" አልኳቸው።

ጋሽ ባሳ አማርኛቸው ብዙ አይደለም። "እሱ ደሞዝ የለም" አሉ። "ባዶ ሆድ ተራራ ይወጣል። ልጁ ናርዶስ ይበላል ብለን ሁላችን አዋጣን።"

እትዬ ጆንያውን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ልባቸው የራራ መሰለኝ። ጠጋ ብለው በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦ "ይኸው! ገበሬው ሳይቀር ተሸክሞ ያመጣልሃል። ደግ አደረግህ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። እኔ ምን አገባኝ፤ ኪራዬን ብቻ።"

ጉቦ መስሏቸው ነው! ጋሽ ባሳ በወላይትኛ "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። "አመሰገኑዎት" አልኳቸው።

ወሩ ሲያልቅ ለቀቅን። ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ቤት አገኘን። አዲሱ አከራይ "ባልሽ ምን ይሠራል?" ቢሏት አማረች ሳታመነታ "አስተማሪ ነው" አለች። ሰውዬው ከንፈራቸውን መጠጡ። "በሉ አይዟችሁ" ብለው ከኪራዩ ቀነሱልን። የአስተማሪን ኑሮ የማያውቅ የለማ!

አሁን ሰፈሩ "ቲቸር" ይለኛል። ሰደርያውን ከሚኒባስ ስወርድ ገልብጬ እለብሰዋለሁ። ናርዶስ እስከ ትምህርት ቤቷ ያን ሁሉ ጭቃ በእናቷ እጅ እየተጎተተች ትመላለሳለች።

በቅርቡ ጋሽ ባሳ ሌላ ጆንያ ስኳር ድንች ተሸክመው ደግመው መጥተው ኖሯል። ሰፈሩን ነግሬያቸው ነበር፤ ስልካቸው ግን ባትሪ ጨርሶባቸው ሊደውሉልኝ አልቻሉም። ከበር በር እየዞሩ "የደኑ ሰውዬ ቤት የት ነው?" ብለው ጠየቁ። "እዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም" አሏቸው። ይህን ተራራው ላይ የነገሩኝ እየሳቁ ነው። "ተሳስቼ ሌላ ሰፈር ገብቼ ይሆናል" አሉኝ። አልተሳሳቱም ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

በእትዬ ብዙ አልፈርድም፤ ያዩትን ነው ያመኑት። የምበሳጨው በሌላ ነው። ተራራው ለምልሟል፣ ዓይን ያየዋል። ያለማሁት እኔ ግን ሥራዬን ደብቄ ነው ቤት የተከራየሁት። ከሁሉም በላይ ጋሽ ባሳ ያን ጆንያ መልሰው ተሸክመው እስከ መናኸሪያ መሄዳቸውን ሳስበው ያንገበግበኛል።