አንዲት ሴል በጉለሌ አየር

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ ሥዕሌ ተለውጦ ጠበቀኝ። ዓርብ ትቼው ስሄድ ስክሪኑ ላይ የነበረው ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር እኩል ብርቱካናማ ነበር። አሁን መሃሉ ቀልቷል። በእኛ ሥዕል ቀይ ማለት በጣም የጋለ ማለት ነው። ሴራሚክ ደግሞ መሃሉ ግሎ ዳሩ ቀዝቀዝ ካለ ይሰነጠቃል።

የሁለተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላቦራቶሪያችን ጉለሌ ነው፤ ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ብዙም አይርቅም። የምንሠራበት ነገር ጠጣር ኦክሳይድ የነዳጅ ሴል ይባላል፤ ስፋቷ ከመዳፌ የማይበልጥ ስስ የሴራሚክ ሰሌዳ ናት። እጅግ በጋለ ምድጃ ውስጥ አስቀምጠው በአንድ ወገኗ ሃይድሮጅን፣ በሌላው አየር ሲያሳልፉባት ነዳጁን በእሳት ሳታነድ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ያለችን አንዲት ብቻ ነበረች። ከውጭ እስክትመጣ ብዙ ስለተጠበቀች መምህራችን በጥጥ ጠቅልለው ቆልፈውባት ነበር። ምድጃ ከመግባቷ በፊት ምን እንደሚደርስባት በኮምፒውተር መሞከር የእኔ ድርሻ ሆነ። የአየር ቦዮቿ ምን ያህል ይስፉ፣ አየሩ በምን ፍጥነት ይግባ፣ ሙቀቱ የት ይከማቻል፣ ይህን ሁሉ አሰላለሁ። ስሌቴ ከተሳሳተ ሴሏ ትሰበራለች፤ ሌላ የለንም።

ያንን እኩል ብርቱካናማ ሥዕል ዓርብ ለመምህሬ ልኬላቸው ነበር። «ጎበዝ፤ በዚሁ ስሌት እናስገባታለን» ብለው መለሱልኝ። መልእክቱን ሽሮ ሜዳ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ አነበብኩት። ማታ ለእናቴም ነገርኳት። እናቴ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች።

«ምድጃ ገባች በይኛ» አለችኝ።

«ገና ናት እማዬ። በኮምፒውተር ነው ያጋልናት።»

«ሳትገባ እንዴት ጋለች?»

እንደጋለች አድርገን እንደምናሰላ ላስረዳት ሞከርኩ። የምታጥፈውን ጋቢ ጭኗ ላይ አሳርፋ ሰማችኝና፣ «እኔም እንደተሸመነ አድርጌ ልሽጥላቸው እንግዲህ» አለች።

ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ከባድ ስሌት የሚችለው ኮምፒውተር አንድ ስለሆነ ሁላችንም በእሱ እንጠቀማለን። መብራት ሲጠፋ የሁሉም ስሌት ይቋረጣል፤ መብራት ሲመጣ ቀድሞ የደረሰ ሰው የራሱንም የሌላውንም ያስነሳል። ስለዚህ የማንም ፋይል ከማንም አይቆለፍም። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ነበር። የእኔን ስሌት ያስነሳው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቅዳሜም የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የሚቀድመኝ፣ ብዙ የማይናገር ተማሪ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት የኮምፒውተር ስሌቱ የእሱ ሥራ ነበር። መምህራችን ለእኔ ሰጥተው እሱን ወደ ምድጃው አዞሩት።

ፋይሉን ከዓርቡ ቅጂ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። የተቀየረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የአየሩ ግፊት። ዝቅ ተደርጓል። ያንን ቁጥር እኔ አልጻፍኩትም፤ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ ነው። ይህ ጥርጣሬዬን አባሰው። ኪስ አውላቂም የሚመርጠው ባለቤቱ የማይዳብሰውን ኪስ ነው።

ቁጥሩን ወደ ነበረበት መለስኩት፤ ሥዕሉም ብርቱካናማነቱን አገኘ። ሰላምታዬን ግን አላጎደልኩም። እንደወትሮው «እንዴት አደርክ» እለዋለሁ፣ ዓይኔ ግን እጁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን አየና ምንም ሳይናገር ወደ ምድጃው ሄደ። ዝምታውን የተያዘ ሰው ዝምታ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ እንዳይታየው ወንበሬን አዞርኩ።

ረቡዕ መብራት እንደገና ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩ እንደገና ዝቅ ብሏል።

ለመምህሬ ልነግራቸው ተነሳሁ። በራቸው ላይ ስደርስ ግን፣ «ራሱን ጠይቀሽዋል?» እንደሚሉኝ ታወቀኝ። ተመለስኩ። ልጁ የምድጃውን የአየር ቱቦ እያጠበቀ ነበር።

«ፋይሌን የነካኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «አንቺ ደግሞ መለስሽው።»

«ምን አድርጌህ ነው?»

«አየሩን ከየት ነው ያመጣሽው?»

ፕሮግራሙ የሰጠኝ ነው አልኩት።

«ፕሮግራሙ የሚያውቀው የባሕር ጠረፍ አየር ነው። እኛ ያለነው እንጦጦ ሥር ነው እኮ።»

ከፍ ባሉ ቁጥር አየር እንደሚሳሳ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። እንግዶች ዳገታችንን ሲወጡ ሲያለከልኩ አይቼ ስቄያለሁ። ግን እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ለእኔ አየር ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ዓይነት እንዳለ አስቤ አላውቅም። የአየር ማራገቢያችን በደቂቃ ያንኑ ያህል ሊትር ይገፋል፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ግን በባሕር ጠረፍ ካለው ያንሳል። ሴሏን የሚያቀዘቅዛት ደግሞ ይኸው አየር ነው። ቀዩ መሃል ከዚህ የመጣ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ዓርብ መምህራችን ሥዕልሽን እያሳዩኝ ሲያሞግሱሽ ሰማሁ። ማለቴ... ሰውየውን ደስ ለማሰኘት አውቀሽ የተውሽው መሰለኝ። ልፈትናት ብዬ ቀየርኩት፤ መለስሽው። በቃ፣ ታውቃለች አልኩ። ዛሬ ቁጥሩ ካልቆየ ለእሳቸው ልናገር ነበር።»

ተናደድኩ። እኔ እሱን ስጠብቅ እሱም እኔን ሲጠብቅ ከርሟል። ያም ሆኖ አላመንኩትም፤ አዲሱን ቁጥር ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ አሳየኝ። አውርጄ ወደ መስኮቱ ወሰድኩትና ራሴ አነበብኩ። ልክ ነበር።

«ኮምፒውተሩንም እንዲህ ብትጠራጠሪው ጥሩ ነበር» አለ።

አብረን ወደ መምህራችን ገባን። ብርቱካናማውን ሥዕል በቀዩ ተካሁላቸው። ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። «ነገ ደግሞ ሦስተኛ አየር እንዳታመጡልኝ» አሉ። አልተቆጡም። ስሌቱን በጉለሌ አየር ደግሜ ሠራሁት፤ ቀዩ እስኪጠፋ ድረስ የማራገቢያውን ፍጥነት ጨመርኩ። ሴሏ በዚያ ገባች።

ምድጃው ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። የተከፈተ ዕለት መምህራችን ሴሏን በሁለት እጃቸው ወደ ብርሃኑ አነሷት። ስንጥቅ የለባትም። እኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ያህል የጓጓሁለት ነገር ነበር፤ ልጁ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በመጀመሪያው ስሌትሽም ብትገባ ላትሰነጠቅ ትችል ነበር» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያበሽቀኝ አላወቅኩም። ማወቂያም የለም፤ ያለችን አንዲት ሴል ናት፣ እሷም ተርፋለች።

ከሰዓት በኋላ ፋይሌን ከፈትኩ። ከአየሩ ግፊት ሥር ፕሮግራሙ የሰጠኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ የተቀበልኳቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ቆምኩ። ወንበሬን ስክሪኑ እንዲታይ አድርጌ መለስኩና ልጁን ጠራሁት።

«ይኼኛውስ የየት አገር ነው?»