የአባቴ አቋቋምና የእኔ ቅርጫት ኳስ

ከቢቸና የወጣሁት በእህል መኪና ነው፤ በጤፍ ጆንያዎች መሃል ተሸሽጌ። ዶሮ ገና አልጮኸም ነበር። እናቴ የበሶ ቋጠሮዬን ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። አባቴ ግን መደባቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተኙ ቀሩ። እንዳልተኙ አውቃለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ሰዓት ለማሕሌት ሲነሱ የኖሩ ሰው በዚያች ሌሊት ብቻ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?

«አባዬ፣ ልሄድ ነው» አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ቢቸና ላላችሁትም፣ እንደኔ በየበረሃው ለተበተናችሁትም ነው። ሰው ለምን ተሰደድክ ሲለኝ «በቅርጫት ኳስ» እላለሁ፤ ሰውም ይስቃል። እኔም አብሬ በሳቅኩ ነበር፣ አባቴ ክደውኝ እንደሆነ ወይም አድነውኝ እንደሆነ ባውቅ። እሱን እስካላውቅ ድረስ ግን ሳቁም ከጥርሴ አያልፍም።

አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው፣ መሪጌታ። ከደብሩ አጥር ሥር፣ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን ያቆማሉ። አዎ፣ ያቆማሉ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከመቆም ነውና። ተማሪው መቋሚያውን ይዞ፣ የከበሮውን ምት እየሰማ፣ አንድ እግሩን ተክሎ በሌላው መዞርን፣ ወደፊት ብሎ ወደኋላ መመለስን፣ ከጎኑ ካለው ጋር ሳይጋጭ አብሮ ማለትን ይማራል። እኔም በልጅነቴ ትንሽ ቆሜበታለሁ። ከዚያ የአስኳላው ትምህርት ወሰደኝና ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እዚያው ቢቸና የስፖርት አስተማሪ ሆንኩ።

ትምህርት ቤቱ የነበረው ኳስ ጫማ ሰፊ የጠጋገነው ነው። ቅርጫታችን ደግሞ ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመታ የበርሜል ቀለበት ነበር። ልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ መወርወር። ገና በሩን ሳይዘልቁ ይወረውራሉ፣ ይስታሉ፣ ይጣላሉ። እኔ መወርወር ከለከልኩ። እግሩ ያልጸና ልጅ እጁ ከየት መጥቶ ይጸናል? ሲሮጥ ቆይቶ ቁም ሲሉት የማይቆም፣ ዘሎ በሁለት እግሩ የማያርፍ፣ ኳስ ይዞ ሲዞር የሚንገዳገድ ልጅ መወርወር ምን ያደርግለታል? እኔ ደግሞ የማውቀው አቋቋም የአባቴን ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን ለስለስ፣ ወገባችሁን ዝቅ፣ ዓይናችሁን ቀና አልኩና በጭብጨባ ምት እየሰጠሁ ማስኬድ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ኳሱን መቼ ነው የምንነካው?» አለችኝ አንዷ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አልኳት።

«እኛ እኮ አልቸኮልንም፤ ጋሼ ነዎት የዘገዩት!»

ክረምቱ ሲወጣ ግን ልጆቹ ሌላ ልጆች ሆነው ነበር። በሩጫ መሃል ቀጥ ይላሉ። አንዱ ሲዞር ሌላው ሳያየው ቦታውን ይይዝለታል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወሬው አባቴ ጋ ደረሰ። አንድ ማታ ማዕድ ቀርቦ ሳለ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የማሕሌቱን እርምጃ ለኳስ ሰጠው ይሉሃል። እውነት ነው?»

«እግራቸው እንዲጸና ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«እግራቸው የሚጸናው ለማን ሊቆሙ ነው?»

ከዚያን ቀን ወዲያ ከአንድ ማዕድ ቀርበን አናውቅም።

ነገሩን ያባሰው ሞጣ ላይ የተደረገው የሁለቱ አውራጃዎች ግጥሚያ ነው። የሞጣ ልጆች ረጃጅሞች ናቸው፤ ሜዳውም ሜዳቸው ነው። እኛ መመራት ስንጀምር አብረውን የመጡት የቢቸና ተማሪዎች ከዳር ማጨብጨብ ያዙ፤ ልምምድ ላይ የሰሙትን ምት፣ ወረብ እንደሚወረብ አድርገው። ልጆቼ ምቱን ሲሰሙ እግራቸው ምቱ ውስጥ ገባ። አንድ ላይ ሲዞሩ፣ አንድ ላይ ሲመለሱ፣ ዳር የቆሙ የሞጣ ካህናት ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ደረስንባቸው። ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ቀጭን ልጅ ሁሉንም አልፎ አገባብን። ልጆቼ ሲያለቅሱ እኔ የማየው ሌላ ነበር፤ የእኛው ካድሬ ከክብር ወንበሩ ተነስቶ ፊቱን አጥቁሮ ነበር።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። «የፊውዳሉን ርዝራዥ በስፖርት ስም ለሕዝብ ልጆች ማስረጽ» የሚል ነው ጥፋቴ። ምስክር ተብለው የቀረቡት ደግሞ አባቴ።

«ጓድ መሪጌታ» አለ ካድሬው። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ የታፈነበት ሳል ተሰማ። «ይህ ልጅዎ የሚያስተምረው የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ነው ወይስ አይደለም? ሲጫወቱ አይተዋል?»

«እኔ ኳስ ሜዳ ምን አለኝ?» አሉ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው እየተነሱ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አቋቋም? እንኳን አቋቋም መቆምም አልተማረ። ከእኔ የወጣ ነገር አይደለም። የዝንጀሮ ዝላይ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ካድሬውም ሳቀ። ምናልባት ለእስር ይዳርገኝ የነበረው ነገር በግለ ሂስ አለቀ። ተነስቼ፣ ለሰፊው ሕዝብ ልጆች የዝንጀሮ ዝላይ በማስተማሬ ራሴን በጽኑ ሂስ አደረግሁ። ተጨበጨበልኝ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገባ። እኔን ለማዳን ብለው ነው? ወይስ የልባቸውን መናገሪያ አገኙ? ብጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ ካድሬው ቢሮው ጠራኝ። አሁን ደግሞ ወዳጅ ሆኗል።

«ጓድ ይበልጣል፣ ዝንጀሮም ይሁን ምን፣ ልጆችህ እግር አላቸው። እናት አገር እንዲህ ያለ እግር ትፈልጋለች። የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን ልታሠለጥን ትሄዳለህ፤ ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆችህንም ይዘህ።»

«ገና ጢም አላበቀሉም እኮ፣ ጓድ።»

«ጢሙ እዚያ ይበቅላል።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። «ለማን ሊቆሙ ነው?» የሚለው የአባቴ ጥያቄ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምሽቱን በየቤቱ ዞሬ ለወላጆቻቸው ነገርኩ፤ ልጆቹም በየዘመዱ ወደ ገጠር ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ቢቸና ለእኔ አልቀረችም።

ሞጣ ስንደርስ ነግቶ ነበር። በጆንያዎቹ መሃል የተሸነፍንበትን ሜዳ አየሁት፤ አህዮች ይግጡበታል። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን በሰው በሰው አለፍኩና ከመተማ በእግሬ ተሻገርኩ። ስለዚያ መንገድ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። ውሃ ጥም ነው፣ እሾህ ነው፣ ፍርሃት ነው።

ገዳሪፍ ላይ የስደተኛ መዝጋቢው በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ድርጅትህ የቱ ነው?»

«ድርጅት የለኝም።»

«ድርጅት የሌለው ሰው ምን አሰደደው?»

«ቅርጫት ኳስ።»

ሁለቱ በዓረብኛ ብዙ ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ዞር ብሎ፣ «ይህ ድርጅት ከሻዕቢያ ጋር ነው ወይስ ለብቻው ነው የሚዋጋው ይልሃል» አለኝ።

«ለብቻው ነው፤ ያውም ተሸንፏል» አልኩት። ጻፈው።

ከዚያ የዘለቅኩባት ካርቱም ደግሞ ሙቀቷን ምን ብዬ ልንገራችሁ። የጮቄ ተራራ ነፋስ በሚነፍስበት አገር አድጌ፣ ብርዱን ስራገም ኖሬ፣ አሁን ያንን ብርድ የሚሸጥልኝ ባገኝ ገዝቼ እለብሰዋለሁ። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ በእጅ ሲይዙት ያልቃል። ሰዎቹ ግን ሰላምታቸው ደስ ይላል፤ ስለ ጤናህ፣ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ ፍየልህ ሳይጠይቁህ አያልፉም። ፍየል የለኝም ስላቸው ከልባቸው ያዝኑልኛል።

ቀን ዳቦ ቤት ዱቄት እሸከማለሁ። ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ጣሪያው ግማሽ የሆነ ክፍል ተከራይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ የግቢው ልጆች፣ የእኛም የሱዳኖቹም፣ ሥራ ፈትተው አቧራ ላይ ሲቦርቁ ሳይ እግሬን ይበላኛል። አንድ ቀን አሰለፍኳቸው። ጉልበት ለስለስ፣ ወገብ ዝቅ፣ ጭብጨባ።

አከራዬ ሐጅ ኢድሪስ በጀለቢያቸው ከተፍ አሉ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ተጣላን።

«በቤቴ ዛር ታስጨፍራለህ?»

«ዛር አይደለም ሐጅ፣ የቅርጫት ኳስ ትምህርት ነው።»

«ኳሱ የታለ?»

«ኳሱ ገና ነው፤ መጀመሪያ እግር ነው።»

«ኳስ የሌለው የኳስ ትምህርት አለ?»

«ጣሪያ የሌለው ቤትስ አከራይተውኝ የለ!»

ያባርሩኛል ስል ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። በኋላም አጠገባችን ካለው የስፖርት ክለብ ሰዎች ጋር ተነጋግረው፣ ትንንሾቹን ከሰዓት በኋላ በእውነተኛው ሜዳ እንዳሠለጥን አስፈቀዱልኝ። ሲሚንቶ ነው፣ መረብ ያለው ቅርጫት ነው። ልጆቹ እንደ ቢቸናዎቹ መወርወር ይፈልጋሉ፤ እኔም እንደ ቢቸናው እከለክላለሁ። ግን አንዱ ሕፃን እግሩን ተክሎ አምሮበት ሲዞር ደስታዬ አፍታም አይቆይ። ከእኔ የወጣ ነገር አይደለም የሚለው የአባቴ ድምፅ ይመጣብኛል። የማን ነው ታዲያ? ከማን አገኘሁት ልበላቸው? ልጆቹን ጨብጭቤ አሰናብትና ሜዳው ላይ ብቻዬን እቀራለሁ።

በመጨረሻ አላስችል አለኝ። ድንበሩን በምትመላለስ አንዲት ነጋዴ በኩል፣ ቅዳሜ በገበያ ቀን አባቴ ቢቸና ስልክ ቤት እንዲጠብቁኝ ላክሁ። ይመጣሉ ብዬ አላመንኩም። መስመሩን ለማግኘት ካርቱም ስልክ ቤት ግማሽ ቀን ተሰልፌ ስጠብቅ ዋልኩ። በስተመጨረሻ ድምፃቸው መጣ፤ እየጮኹ ነው የሚናገሩት፣ ስልክ በጉልበት የሚደርስ ይመስላቸዋል።

«ማነው?»

«ይበልጣል ነኝ፣ አባዬ።»

«ጤና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? እማዬስ?»

«አለን። ምን ትሠራለህ?»

«ልጆች አስተምራለሁ።»

«ያንኑ?»

«ያንኑ።»

ከበስተጀርባቸው ሰው ይስላል፣ በር ይንኳኳል።

«አባዬ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያሉት ከልብዎ ነበር?»

«እዚህ ሰው ብዙ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አባቴ ስልክ ላይ ሲያንሾካሹኩ! «ይልቅስ ስማኝ። ያ የሞጣው ቀጭኑ ልጅ በምን እንዳለፋችሁ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ልጆችህ ሊዞሩ ሲሉ ተረከዛቸውን ያስቀድማሉ። ተረከዝ ቀድሞ ከተነሳ ሰው ወዴት እንደሚዞር ይታወቃል። ያ ልጅ ከሰው ሁሉ ዓይኑን ነቅሎ ተረከዛቸውን ነበር የሚያይ። ተረከዝ መጨረሻ ነው የሚነሳው። ይህን ገና አላስተማርኩህም ነበር፤ ሳትጨርስ ሄድክብኝ።»

መነጋገሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አባዬ፣ ሞጣ ነበሩ እንዴ?»

መስመሩ ጭርር አለ። «አባዬ? አይተውን ነበር? የት ቆመው ነበር?» መስመሩ ተቋርጧል፤ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሠራተኛዋ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ኸላስ?» አለችኝ፤ ጨረስክ ወይ ማለቷ ነው።

ገና ነው አልኳት።