«ትክክል ነው» ያልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ዛሬ የምጽፈውም ደፋር ሆኜ ሳይሆን መሸከሙ ስለደከመኝ ነው።

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ለመሆን የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መቅደስ የክፍሌ ልጅ ነበረች። ሁለታችንም ለቡ ስለምንኖር በአንድ ታክሲ እንመላለስ ነበር። መንገድ ላይ እንለማመዳለን፦ እኔ እንደ ተቆጣጣሪ የመነሻ ፈቃድ እሰጣታለሁ፤ እሷ እንደ አብራሪ ትደግምልኛለች። አንድ ቀን ጎፋ ላይ ታክሲው ሰው ሊሞላ ቆሞ ሳለ ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ አውሮፕላኑ ይቆየንና መጀመሪያ ለዚህ ታክሲ ፍቀዱለት» አሉን። ሾፌሩም «እኔ ሳልሞላ አልነሳም፣ ንገሯቸው!» አለ። መቅደስ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

መጀመሪያ የተማርነው ይህን ነው። የመነሻ ፈቃድ አብራሪው በየት በኩል ሄዶ እስከ ስንት ከፍታ እንደሚወጣ ይነግረዋል እንጂ «ተነሳ» አይለውም። አብራሪው የተረዳውን ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው ያዳምጣል። ስህተት ከሰማ ወዲያው ያርማል። አብራሪና ተቆጣጣሪ ሳይተያዩ የሚግባቡት በዚህ ብቻ ነው።

የፈተናው ቀን በኮምፒውተር ልምምድ እኔ ተቆጣጣሪ፣ መቅደስ አብራሪ ሆንን፤ የምንፈተነው ሁለታችንም ነበርን። እሷ ሌላ ክፍል ስለነበረች ድምጿ የሚመጣው በእኔ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። አስተማሪያችን እስክሪብቶ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል። በአሥራ ሁለት ሺህ ጫማ የሚመጣ ሌላ አውሮፕላን ስለነበር እስከ አሥራ አንድ ሺህ ብቻ ፈቀድኩላት። እሷ ግን ስትደግም «አሥራ ሦስት ሺህ» አለች።

ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። ግን ሌሎች ሁለት አውሮፕላኖች መልሴን እየጠበቁ ነበር፤ አስተማሪያችን ደግሞ ፈጣን ሰው ይወዳል። እነሱን ልጨርስና አርማታለሁ አልኩ በልቤ። እና «ትክክል ነው» አልኳት። እንድትነሳም ፈቀድኩ። ወደ እሷ ስመለስ በስክሪኑ ላይ የእሷና የሚመጣው አውሮፕላን ነጥቦች አንድ ሆነው ነበር።

ማንም አልሞተም። እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ምን ነበረበት?

አስተማሪው «ስትደግም ስንት አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። የልምምድ ክፍሉ የድምፅ መቅጃ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። «አሥራ አንድ ሺህ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

መቅደስ ተጠርታ መጣች። «አሥራ ሦስት ያልኩ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ አየችኝና ስሜን ጠራች። «ትዕግሥት አሥራ አንድ ከሰማች ግን ብዬ ይሆናል። እሷ አትሳሳትም።»

በትክክል ደግማ ከተፈቀደላት ከፍታ በላይ እንደወጣች ተቆጠረባት። ከዚያ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ስለነበረባት በሳምንቱ ከትምህርቱ ተሰናበተች። እኔ አለፍኩ። «ረጋ ያልሽ ልጅ ነሽ» ተባልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ።

ዛሬ መቅደስ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የአጎቷ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ለበራችን ቁልፍ ግዢ ብላ ላከችኝ። መቅደስ አቅፋ ሳመችኝና «ተቆጣጣሪዋ! ዛሬስ ስንቱን አስነሳሽ?» አለችኝ። ከእኔ በፊት የቆመ ግንበኛ ምስማርና ሽቦ አዝዞ ነበር። አንድ በአንድ ደገመችለት፤ እንደገናም ደገመች። «ኧረ እህቴ፣ ነገርኩሽ እኮ!» ብሎ ተቆጣ። እሷ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ ያለውን አላምነውም» አለችኝ።

ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ያን ጊዜም አልነገርኳትም።

ነገ ይህን ወረቀት መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለአስተማሪያችን እሰጣለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አምስት ወር እንኳ አልሞላውም። ፈርቼ ነው አልልም። ይቅር በይኝ ለማለትም ገና አልደረስኩም። መቅደስ፣ አሥራ ሦስት ሺህ ነው ያልሽው። አፍሽ አልዋሸሽም። እኔ ሰምቼሻለሁ።