በአቡጀዲ ላይ የተመረገ ጭቃ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የማድ ቤቱን ግድግዳ መጠገን ነው። ክረምቱ ሁለት ቦታ ሸርሽሮት ነበር፤ አንዱ ከበሩ አጠገብ፣ ሌላው ከእንጨት ክምሩ ኋላ። ባለቤቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ሁለት ሳምንት በጆንያ ሸፍኖ አቆይቶታል። እኔ ከውስጥ ሆኜ እመርጋለሁ፤ እሱ ከውጭ መዳፉን ያስደግፋል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ አንድ ሰው ብቻውን አይደፍነውም። ከወዲህ ሲጫኑት ከወዲያ ይወድቃል።

«ያዝከው?» አልኩት።

«መቼ ለቅቄው አውቃለሁ!» አለኝ ከውጭ።

የበሩን አጠገብ ጨረስን፤ ሁለተኛውን ለነገ አልነው። ከአንድ ጣሳ ውሃ እጃችንን ታጠብን። እሱ ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን ጭቃ በክብሪት እንጨት እያወጣ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ የሚወጣ አይመስልም አለኝ። በማግስቱ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ አልተነሳም።

አርባው ከወጣ በኋላ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከሦስት መስመር አያልፍም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ ተናገረ። ደግ ነበር፣ እውነት ነው። ስለ ሥራው ግን የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ሥራውን አይቼ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ እኔ ልናገር።

የተገናኘነው ኮሌጅ ነው፤ በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት። ያኔ ቲያትር የሚማር ጥቂት ነበር፤ ከእኛ ክፍል ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን። የምንማረው ትወና፣ የመድረክ ንድፍና የመድረክ ሥራ ነው። የመምህራችን ደንብ ጥብቅ ነበር። በአንዱ ተውኔት ንጉሥ ሆኖ የተጫወተ በሚቀጥለው ምስማር ያቀብላል፣ መጋረጃ ይስባል፣ ወለል ይጠርጋል። «መጥረጊያ ያልያዘ እጅ መድረክ ላይ የት እንደሚያርፍ አያውቅም» ይሉን ነበር። እኔም በአንድ ወር ውስጥ ንግሥት ሆኜ ዘውድ ደፍቻለሁ፣ አውራ ጣቴንም በመዶሻ ቀጥቅጫለሁ። ሁለቱንም ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት የምትስቀው በዘውዱ ነበር።

አባቴ አይስቁም። በወጣትነታቸው ከመንዝ መጥተው ንፋስ ስልክ ቤት የሠሩ፣ ዳዊት ሳይደግሙ ቁርስ የማይቀምሱ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። ኮሌጅ መግባቴን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ዘመድ ጠርተዋል። የምማረውን ሲያውቁ ግን ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ለእናቴ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ «ልጅሽ አዝማሪ ልትሆንልሽ ነው» አሏት። በዚያ ዘመን ለአንዲት የደህና ሰው ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ተማርኩ። አንድ ዓመት ሲቀረኝ አባቴ ጠሩኝ።

«ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሰው ፊት ትጫወታላችሁ አሉ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«እመጣለሁ። ሰው ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር ካየሁ ከሰኞ ጀምሮ ከእናትሽ ጋር ቤት ትውያለሽ። ካላየሁ ደግሞ አፌን እዘጋለሁ።»

አባቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። እንግዲህ የቀረኝ አንድ ዓመት በዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ተንጠለጠለ።

ተውኔቱን የጻፈው ክፍላችን በጋራ ነው። አንድ ገበሬ ርስቱን ለማስመለስ ለሙግት ከተማ ገብቶ ይቀራል፤ ሚስቱ ቤቷ ሆና ትጠብቀዋለች። ሚስትየዋ እኔ ነበርኩ። ቤቱን የመሥራቱ ነገር የደረሰው ደግሞ ኋላ ባለቤቴ ለሆነው ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች፣ መካኒሳ ከሚያርሱ ሰዎች የተወለደ ነው። ያኔ መካኒሳ ማሳ ነበር። ኮሌጅ የሚመጣው በእግሩ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ጫማው ጭቃ አያጣም። የክፍሉ ልጆች፣ «መካኒሳን በእግርህ ይዘሃት ነው እንዴ የምትመጣው?» ይሉታል።

«ትንሽ ትንሽ እያመጣሁላችሁ ነው። ስትመረቁ ጠቅልዬ አስረክባችኋለሁ» ይላቸዋል።

ግድግዳ የምንሠራው መምህራችን እንዳስተማሩን ነበር። ከቀጭን ባሕር ዛፍ ክፈፍ ይሠራል፣ አቡጀዲ ይወጠርበታል፣ የዱቄት ሙጫ ይቀባል፣ ከዚያ በቀለም የሚፈለገው ይሳልበታል። እሱም እንዲሁ አደረገ። አቡጀዲውን ሰፍቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቡናማ ቀለም ቀብቶ፣ ስንጥቁንም ጭዱንም በብሩሽ ሥሎ ሲጨርስ አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ሄዶ ተመለከተው።

«ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«ያምራል።»

«ፎቶ ቤት ነው የሚመስለው። ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳበታል እንጂ ማንም አልኖረበትም።»

በሳምንቱ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ በፈረስ ጋሪ ስድስት ጆንያ ጭቃ ጭኖ ግቢው ውስጥ ገባ። በእናቱ ጓሮ ከጤፍ ጭድ ጋር ሲያቦካ የሰነበተ ጭቃ ነው። የቦካ ጭቃ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል። መምህራችን አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?»

«ቤት ነው፣ ጌታዬ» አላቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አልሳቁም። «አቡጀዲ ላይ ይይዛል?»

«የእናቴ ቤት ሲሠራ ጭቃውን ረግጬ ያቦካሁት እኔ ነኝ። ይይዛል።»

ስህተቱ ይህ ነበር፤ ጭቃ የማያውቅ ሰው የማይሠራው ስህተት። ቤት ሲመረግ ጭቃው ማገሩን ነክሶ ይይዛል፤ ከዚያ በጥላ ቀስ እያለ ይደርቃል። አቡጀዲ የሚነከስ ነገር የለውም። የመድረክ መብራት ደግሞ ጥላ አይደለም። እሱ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የሚያውቀው ግን ለቤት ነው። ቅዳሜ መረገው። በእርግጥም አዳራሹ መጨረሻ ሆነን ስናየው ሰው የተወለደበትና የሞተበት ቤት መሰለ። እንስራ አምጥቶ ከጥጉ አስቀመጠ፤ ውሃም ሞላበት።

«ባዶው አይበቃም? ውስጡን ማን ያየዋል?» አልኩት።

«ስታነሺው ክንድሽ ይዋሻል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አባቴ ከፊት በሁለተኛው ረድፍ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ተቀምጠዋል። እናቴ አጠገባቸው ናት፤ ወደ እኔ አታይም።

የመጀመሪያው ክፍል ደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ ብቻዬን ነኝ። ባሌ ከሄደ ዓመት አልፎታል፣ ከጎረቤት የሰማሁትን ወሬ ለራሴ እደግማለሁ። መብራቱ ከጀመርን አንስቶ ግድግዳው ላይ ነው። ኋላዬ አንድ ነገር ዷ አለ። ዞር ስል ሰሐን የሚያህል ጭቃ ወለሉ ላይ ነው፤ በቦታው ነጩ አቡጀዲ ይታያል። ቀጥሎ ሌላ ወደቀ። ከኋላ መቀመጫ አንድ ወጣት «ቤቱ ልብሱን አወለቀ!» ሲል ተሳቀ።

አባቴን አየሁ። ከዘራቸውን ጨብጠዋል፤ ሊነሳ የሚፈልግ ሰው የሚይዘው አያያዝ ነው።

ያን ጊዜ ግድግዳው ከኋላው ሲገፋ አየሁ። ግድግዳውን የሠራው ልጅ እዚያ ነበር፤ ሊገነደስ ያለውን ክፈፍ በጀርባው ደግፎ። በአቡጀዲው ውስጥ ድምፁ ቀስ ብሎ መጣ፤ «እንስራው ውሃ አለው።»

አላሰብኩም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ከእንስራው ውሃ ቀድቼ የወደቀውን ጭቃ አራስኩት፣ በእጄ አሸሁት፣ ቃሌን ሳላቋርጥ ግድግዳውን መምረግ ጀመርኩ። ቤት መለቅለቅ እናቴ ያስተማረችኝ ሥራ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ በየዓመቱ እንለቀልቅ ነበር። እኔ ከፊት ስጫን አቡጀዲው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ወዲያው ከኋላ አንድ መዳፍ መጥቶ እጄ ያለበት ላይ ይደገፋል። እጄን ወደ ቀኝ ሳሻግር መዳፉም ይከተለኛል። አያየኝም፤ እንዴት እንደሚከተለኝ አላውቅም።

የልምምዱን ቃል በሙሉ ተናገርኩ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሥራው ግን ቃሉን አዘገየው። «ይመጣል፤ የት ይሄዳል» የሚለውን በልምምድ ጊዜ እያለቀስኩ ነበር የምለው። ያን ቀን ጭቃ እያለሰለስኩ አልኩት፤ አላለቀስኩም። አዳራሹ ዝም አለ።

በዚያ ዝምታ መካከል አንዲት አሮጊት ከመሐል ተነሥተው፣ «ውሃ ጨምሪበት ልጄ! ደርቋል እኮ!» ብለው ጮኹ።

«እሺ፣ እማማ» አልኳቸው። ይህቺን ብቻ ጨመርኩ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ከዚያ አጨበጨቡ። መጋረጃው ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ሁላችንም እጅ ለመንሳት ወጣን። እሱም ከግድግዳው ኋላ ወጣ፤ ፀጉሩ፣ ጀርባው፣ ሱሪው ሁሉ ጭቃ ነው። መዳፎቹን ሰው እንዳያይ ወደ ኋላ ደብቋል።

መምህራችን እዚያው መድረክ ላይ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ለግድግዳው ወድቀሃል» አሉት። «ለእንስራው አልፈሃል።» ወደ እኔ ዞረው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ያን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከአባቴ ጋር ወደ ንፋስ ስልክ ሄድን። እናቴ ከኋላችን ነበረች። እጄ ላይ ጭቃው ደርቆ ይሰነጣጠቅ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«የላይኛው ጥግ አልያዘም» አሉ።

«አዎ፣ አባባ። አልደረስኩበትም።»

«እኔ የመጣሁት ልጄ ስትወዛወዝ ለማየት ነበር። ቤቷን ስትጠግን አየሁ።» ከዘራቸውን ከእጅ እጅ አዛወሩ። «ነገ ሰኞ ነው። ትምህርት እንዳይረፍድብሽ በጊዜ ተነሺ።»

እናቴ ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል፣ «እጅሽን ታጠቢ መጀመሪያ» ብለውኝ ገቡ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመርቄ በተዋናይነት ሥራ ጀመርኩ። ሽማግሌ ሲላክ አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ አሉ፤ «ያ ግድግዳው የወደቀበት ነው?» ሽማግሌዎቹ ፈሩ፤ አዎ አሉ። «በጀርባው ይዞ የቆመው?» አዎ አሉ። «እንግዲያው እሺ።» የባለቤቴ እናት ደግሞ መጀመሪያ ሲያዩኝ ከላይ እስከ ታች መርምረውኝ፣ «የሁለት ሳምንት ጭቃዬን ያስበላሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝና ሳሙኝ።

ባለቤቴ ከዚያ በኋላ በስንት ትምህርት ቤትና አዳራሽ መድረክ እንደሠራ ቆጥሬ አላውቅም። ጭቃውን አልተወውም፤ ስህተቱን ግን አረመ። አቡጀዲው ላይ መጀመሪያ ጆንያ ይሰፋል፣ ጭቃውን ያቀጥናል፣ ከሙጫ ጋር ለውሶ ይቀባዋል፣ በጥላ ያደርቀዋል። ጆንያውን የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ከፉሪ ወዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለዓመት በዓል ተውኔት ሲያዘጋጁ የሚመጡት ወደ እሱ ነው። ካስተማራቸው ዛሬም የሚሠሩ አሉ፤ ስማቸው በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከታች፣ በትንሹ ይጻፋል። የእሱም እዚያ ነበር የሚጻፈው። ስሙ ለምን ከእኔ ስም በታች እንደሚጻፍ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ «ግድግዳ ከኋላ ነው የሚቆመው» አለኝ። ይህን ሲል ቅር ብሎት አልነበረም። እኔን ግን ቅር ይለኝ ነበር፤ ስለዚህ ነው የምጽፈው። ሃያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቆሜ ከተጨበጨበልኝ ሃያውንም ጊዜ የቆምኩት እሱ በሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ ከመጀመሪያው በቀር አንዱም አልወደቀም።

ትልቁን ቤታችንን በብሎኬት ስንሠራ ማድ ቤቱን በጭቃ ይቅር ያለው እሱ ነው። ልጆቻችን አሁን ይፍረስ ይላሉ። አይፈርስም።

ለነገ ያልነው ቀዳዳ ከእንጨት ክምሩ ኋላ አለ። እሱ ያቦካው ጭቃ ስለ ደረቀ አዲስ አቡክቻለሁ። አሁን ከውጭ ጣውላ አስጠግቼ፣ ጣውላውን በድንጋይ አስደግፌ፣ ከውስጥ ሆኜ እመርጋለሁ።