ጥሩሐረግ ያላመነችው ጡረታ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጎረቤቴ ጥሩሐረግ ይህን ተረት ከሰው የሰማችው አይመስለኝም፤ አብሯት የተወለደ ነው። በሰቆጣ ገበያ ገብስና በሶ ስትነግድ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ገበሬ ጆንያ ይዞ ሲመጣ ከላይ ያለውን አታይም፤ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰድዳ ከታች ትዘግናለች። ከላይ ንጹሕ ገብስ፣ ከታች ገለባ ያደረገ ወዮለት! እኔ ከሱቋ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይርዳው እባላለሁ። ቀሚስ ስሰፋላት ቅዳጁን ሁሉ ሳትቀበለኝ አትሄድም። አልቀየማትም፤ እኔም ብሆን ሰው አላምንም።

አገር በቴሌቪዥን የሚያውቀው ዜና አንባቢ ምስጋናው ታናሽ ወንድሟ ነው። ትውልዳቸው ደሃና ወረዳ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ትምህርቷን ትታ እሱን አምደወርቅ ከተማ አስተማረችው፤ በየሳምንቱ ስንቁን አዝላ ግማሽ ቀን በእግሯ ትሄድ ነበር። እሱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከረባት አስሮ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ ዜና ማንበብ ሲጀምር፣ በእታገኝ ሻይ ቤት ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለው ወንበር የጥሩሐረግ ሆነ። ማንም አይቀመጥበትም ነበር።

ይህ እስከ ጦርነቱ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የስኳር በሽተኛው ባሏ ተስፋው መርፌው አለቀበት። በከተማው ያላንኳኳችው በር የለም። አንድ ምሽት በባትሪ ሬዲዮ የምስጋናው ድምፅ መጣ፤ ለአካባቢያችን በቂ መድኃኒት መድረሱን አነበበ። ተስፋው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲያ ወንድሟን አላነጋገረችም። መንገዱ ተከፍቶ ቢደውል አላነሣችም፤ ሰው ቢልክ መለሰች። ዜና ሲጀምር ከሻይ ቤቱ ተነሥታ ትወጣለች።

ባለፈው ጥቅምት ምስጋናው ጡረታ ወጣ። ለስድሳው ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበርና ሻይ ቤቱ ታመሰ። አናጢው ይስማው “አባርረውት ነው! የማይሆን ወረቀት አላነብም ብሎ ይሆናል” አለ። እታገኝ ታሟል ባይ ናት፤ ጉንጩ መጎድጎዱን አይታለች። ሌላው ውጭ አገር ቤት ሠርቶ ጨርሷል ይላል። አንድ አስተማሪ “ምስኪን፣ ስንት ዘመን አገለገለ፤ ይረፍበት” ቢል የሰደበን ያህል አፈጠጥንበት። እኔማ ሰው ከሞቀ ወንበር በፈቃዱ አይነሣም ባይ ነበርሁ። “ሲዋሽ ኖሮ ሲዋሽ ወጣ” ያልሁትም እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ችግሩ፣ ጥሩሐረግ ብቅ ስትል ሁላችንም ጸጥ ማለታችን ነበር። እኅቱ እየሰማች እንዴት እንማው? የስንብቱ ፕሮግራም በታየበት ምሽት ደግሞ በበሩ ስታልፍ መሐሉን ብቻ አየች፤ የወጣትነት ፎቶግራፉን፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ፣ አንዲት ባልደረባው ዓይኗን ስትጠርግ። ወዲያው መብራት ጠፋ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለማን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ለሞተ ሰው ነው።

በማግስቱ ሱቄ መጣች።

“ይርዳው፣ ወንድሜ ምን ሆነብኝ?”

“ጡረታ ነው የወጣው፣ እትየ። ምን ይሆናል ብለው ነው?”

“ጡረታ ከሆነ እኔን ስታዩ ለምን አፋችሁን ትይዛላችሁ?”

ምን ልበላት? ያማሁትን ልንገራት? ዓይኔን ወደ ስፌት መኪናዬ መለስሁ፤ ያ ነው የጨረሳት። ስልኳን አውጥታ “ደውልለት” አለችኝ። ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደወልን፤ ዝግ ነው። ገበያ ወጥታ ጆንያ ሳትፈትሽ ገብስ ስትገዛ ሳይ ፈራሁላት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ አማኑኤል “ነገ ማለዳ ሽምግልና አለብን፤ እንዳትቀር” አሉኝ። ምስጋናው ስልኩን ዘግቶ መጥቶ እሳቸው ቤት ማደሩን የሰማሁት ጠዋት መንገድ ላይ ነው። ምን ፈልጎ መጣ ብዬ በሆዴ እሱን ስጠረጥር፣ እሷ ምን እንደምታስብ አንዴም ትዝ አላለኝ። አራት ወንዶች ጋቢያችንን ደርበን በሯ ላይ ቆምን።

“ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ” አለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

ለዕርቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። “አንቀመጥም” አሉ ቄሱ። መርዶ ነጋሪም እንዲሁ በማለዳ መጥቶ እንዲሁ እንደሚቆም አንዳችንም አላሰብንም።

ጥሩሐረግ ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ጣለች። ደረቷን እየደቃች በአገው ቋንቋዋ በኽምጣና አለቀሰች። የአምደወርቅን መንገድ፣ የልጅነት ስሙን፣ ስልኩን አለማንሣቷን ሁሉ እያነሣች “ይቅር ብየሃለሁ፤ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ይቅር ብየሃለሁ” ትላለች። ቄሱ ቢጮሁ አትሰማም። በመጨረሻ ሁለት እጇን ይዘው “ልጄ፣ አልሞተም! ከአጥሩ ውጭ ቆሟል!” አሏት።

ወጣች። ምስጋናው እንደ አገሩ ደንብ የይቅርታ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ አጎንብሷል። በቴሌቪዥን ከምናውቀው ያጠረ ሰው ነው። ልቅሶዋን ሁሉ ሰምቷል፤ እንባው መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ደንቡ፣ ተበዳይ “አውርድ” ሲል ነው ድንጋዩ የሚወርደው።

ሮጣ ትስመዋለች ብለን ነበር። እሷ ግን ራቅ ብላ ቆመችና ዓይኗን ጠረገች።

“ያን የመድኃኒት ዜና ስታነብ ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር?”

አላውቅም ነበር በል፣ በል እንጂ፣ አልሁት በሆዴ።

“ጠርጥሬ ነበር፣ እትየ” አለ። “ስልኩ ተቋርጦ አንቺን መጠየቅ አልቻልሁም። እየጠረጠርሁ አነበብሁት። ከዚያ ወዲህ ወረቀት በሰጡኝ ቁጥር ተስፋው ይታየኛል፤ ስለዚህ ተውሁት።”

ይህን የመጨረሻውን እኔ እንኳ በግማሽ ልቤ ነው ያመንሁት። ቄስ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን አወጡ።

“በይ ልጄ፣ ይቅር ማለትሽን ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል። አውርድ በይው።”

“እሱን ያልሁት ለሞተው ወንድሜ ነው፣ አባ” አለች።

ፀሐይ ወጣች፤ ድንጋዩ ከምስጋናው ማጅራት መንሸራተት ጀመረ። ያን ጊዜ ጥሩሐረግ ቀርባ መዳፏን ከድንጋዩ ሥር አድርጋ ክብደቱን ጥቂት ያዘችለት። አውርድ ግን አላለችውም።