ከሰላምታው በኋላ የነበረው

ገርጂ ያለው ኮንዶሚኒየማችን የመልእክት ግሩፕ አድሚን የሆንኩት ወድጄ አይደለም። ስብሰባው ላይ ዝም ስላልኩ እንደተስማማሁ ተቆጠረ። ኮምፒውተር መጠገን የተማርኩት ብቻዬን፣ ቪዲዮ እያየሁ ነው፤ የፈታሁትን ብሎን ቦታ ሳላሲዝ ሌላ አልፈታም። ግሩፑ ላይም እንዲሁ ደንብ አወጣሁ፦ የተጀመረው ጉዳይ ሳያልቅ ሌላ ርዕስ አይነሳም፤ ከተነሳ ይሰረዛል።

ደንቡን መልመድ ያቃታቸው ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። ሲጽፉ አስቀድመው የየፎቁን ሰው ደህንነት ይጠይቃሉ፤ ለታመመ ምሕረት፣ ለተፈታኝ ልጅ ማስተዋል ይለምናሉ። አንድ ረቡዕ ስለ ውሃ ፓምፑ ስንጨቃጨቅ «እንዴት ዋላችሁ ቤተሰቦቼ» ብለው ገቡ። ሁለት መስመር አንብቤ ሰረዝኩት።

አመሻሽ ላይ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን «እማማ አብሯቸው የሚሄድ ሰው አገኙ?» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ነገ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ አይደል? ደጋፊ ሰው ካልያዙ አይሠራም ተብለዋል። ግሩፑ ላይ ጽፈው ነበር እኮ፤ መጨረሻው ላይ።»

ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እማማ፣ መልእክትዎን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።»

«እኔ ደግሞ አይመቸንም ማለታችሁ መስሎኝ ቀጠሮውን ላስተላልፍ ነበር» አሉ። «በእኛ ጊዜ ሰው ጨዋታ ሲያቋርጥ ‹በማር ላቋርጥህ› ይል ነበር። አንተ በምን አቋረጥከኝ?»

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አልኩ።

«አንድ ተኩል። ቁርስህን በልተህ ና፤ ኋላ እኔ አንተን ደግፌ እንዳልመለስ።»

በማግስቱ ሕክምናው በሰላም አለቀ። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ አትላስ ካለው ሐኪም ቤት በታክሲ ስንመለስ ግሩፑን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የፓምፑ ጭቅጭቅ እንደቀጠለ ነበር።

«በል፣ ጻፍልኝ» አሉ።

የሚሉትን አንድም ሳላጎድል ጻፍኩ። መገናኛ ስንደርስ ገና የሁለተኛው ፎቅ ሰላምታ ላይ ነበርን። የዓይናቸው ወሬ የመጣው ገርጂ ልንገባ ስንል ነው፤ ላክሁት። ፓምፑ ላይ ከሁሉ በላይ ሲከራከር የነበረው ሰውዬ ወዲያው መለሰ፦ «እማማ፣ ደረጃውን ብቻዎን እንዳይሞክሩት። ወርደናል።»

ስንደርስ አራት ሰዎች ደረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ስለ ፓምፑ እየተጨቃጨቁ።