ዘጠኙን እንሰት አልነቅልም ያለችው ዘይነባ

ዘይነባ እልኸኛ ናት። ሌሞ ወረዳ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ዘጠኝ ዓይነት እንሰት አላት፤ አንዱን ከእናቷ፣ አንዱን ከአማቷ፣ ሌላውን ሞርሲቶ ከተዳረች እህቷ እያመጣች የተከለችው። የቀዩ ቆጮ ይጣፍጣል፣ የጥቁሩ ቃጫ ይጠነክራል፤ አጭሩ ደግሞ ቡላው ጥቂት ቢሆንም አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይሰጣል።

ሆሳዕና ላይ ቡላ እያሸገ ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች የሚልክ ፋብሪካ ሲከፈት፣ እሷም ከአርባ ጎረቤቶቿ ጋር አስረካቢ ሆነች። ልጇን ሂክማን ኮሌጅ ያስገባችው በዚሁ ነው። በሁለተኛው ዓመት የፋብሪካው ግዢ ሠራተኛ ይበልጣል መጥቶ፣ ከእንግዲህ የምንቀበለው ነጩን ዓይነት ብቻ ነው፣ ቡላው ብዙ፣ መልኩም አንድ ወጥ ነው፣ ሌላውን ንቀሉ አለ። ሴቶቹ ሌላውን ነቅለው ነጩን ብቻ አስቀሩ።

«ነጩን እተክላለሁ። የቀረውን ግን አልነቅልም» አለችው ዘይነባ።

«እንግዲያው ከእርስዎ አንገዛም፣ እናቴ።»

«ተዉት።»

ሂክማ ኮሌጁን ለመጨረስ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ባሏ ዑመር ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። ቡላዋን ጃጁራ ገበያ እያወጣች በርካሽ ሸጠች፤ ልጅቷ ግን ከትምህርቷ አልቀረችም።

ይህ ከሆነ በሦስተኛው ክረምት እንሰት አጠውልግ በሽታ ገባ። ነጩ አልቻለውም፤ አርባውም ጓሮ ወደመ። የዘይነባም ነጮች ሞቱ። ከቀሩት ዓይነቶቿ አንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ተረፈ፤ ሦስቱ ግን፣ ያ አጭሩም ጭምር፣ ቅጠላቸው እንኳ አልጠወለገም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ? ፋብሪካው በሌላው ወረዳም ያስተከለው ያንኑ ነጭ ስለነበር ማሽኑን አቆመ።

ይበልጣል የፋብሪካውን ባለቤት አቶ ተክለጊዮርጊስን ይዞ ደጇ ቆመ።

«ያለዎትን ሁሉ ይሽጡልን» አሉ ባለቤቱ።

«ቡላውን እሸጣለሁ። ችግኙን ለጎረቤቶቼ በነጻ እሰጣለሁ። እናንተ ደግሞ አምስት ዓይነት ከሌለበት ጓሮ እንደማትገዙ ፈርሙልኝ።»

«መልኩ ይለያያላ» አለ ይበልጣል።

«የጠፋው ቡላ ምን መልክ አለው፣ ልጄ?»

አቶ ተክለጊዮርጊስ ሳቁና ፈረሙ። ዘይነባ ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም። በሳምንቱ አርባውን ሴቶች ጠራችና ሥሩን፣ አምቾውን፣ አብረው እየሰነጠቁ ቀበሩ፤ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ችግኙ አድጎ እስኪፋቅ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ማሽኑ በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፣ የሚያሽገውም የዘይነባን ቡላ ብቻ ነው።